ሰባተኛው ሞት

የዚያ አስፈሪ ፊልም ገዳይ በስድስተኛው ክፍል ተቃጥሎ አመድ ሆኖ ነበር። በሰባተኛው፣ እንዴት እንደተነሣ እንኳ ሳይነግሩን፣ ቢላውን ይዞ ብቅ አለ። አበሸቀኝ። በልጅነቴ እስራኤል ከገባሁ ወዲህ አንድም ክፍል አላመለጠኝም፤ እንዲህ ያለ ቀሽም ግን አላየሁም።

ካሴቱን የተከራየሁት አማቴ እማማ ትርንጎ ከቤት እንዳይወጡ ብዬ ነው። አምና ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመጡ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጎንደር ቀሩ። ማክሰኞ አንደኛው መሞቱን ሰማን። የምንኖርባት የቂርያት ጋት ከተማ ሽማግሌዎቻችን መርዶውን እሑድ ማለዳ ሊነግሯቸው ተስማሙ። እስከዚያ ከጎረቤት እንዳይሰሙ፣ ከምሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ የምጠብቃቸው እኔ ነኝ።

ገዳዩ በጥይት ተመቶ ወደቀ።

«ይኸ ስንተኛ ሞቱ ነው?» አሉኝ።

«ሰባተኛው።»

«እናቱን ማን አረዳት?»

«ማንም አላረዳትም፣ እማማ። እሱ የሚያርደው ጎረቤቶቹን ነው።»

«የምልህ ቢላውን አይደለም፣ መርዶውን ነው።» ቴሌቪዥኑን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «ሦስት ቀን ሥራ አልሄድህም። ልጄ ዓይኗ አብጦ ሽንኩርት ነው ትለኛለች። የትኛው ነው?»