ቁስለኛው ካሴት

“ካሴት ማለት ያልተከፈተ ካሴት ነው” አለ ፋርማሲስቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ላስቲኩ ያልተቀደደ፣ ሽፋኑን ፀሐይ ያልመታው፣ የመጀመሪያው እትም የሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራ ዕቃ ነው።”

“ያልታየ ፊልም ምኑን ፊልም ሆነ?” ጋሽ ሽቦ ሻዩን አማሰለ። “ሙሽራ አምጥቶ ከነቬሏ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደመቆለፍ እኮ ነው።”

“ቀስ በል፣ ለቅሶ ቤት ነው ያለነው።”

“አንተ ነህ የጀመርከው።”

የሟቹ ልጅ ቴርሞሱን ይዛ ስትደርስ ሁለቱም ብርጭቆዎቻቸውን አቀረቡላት። ከቀብሩ ወዲህ የሁለቱ ወንበር አልተለወጠም፤ ከኮሪደሩ አፍ ላይ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው። ፋርማሲስቱ መድኃኒት ቤቱን ለረዳቱ ትቶ ይመጣል። ቤቱ ውስጥ በመስታወት ቁም ሳጥን የደረደራቸውን የፊልም ካሴቶች እንግዳ እንዲነካ አይፈቅድም ይባላል። ጋሽ ሽቦ የቴሌቪዥንና የቪዲዮ ማጫወቻ ጠጋኝ ነው። ስሙን ያወጡለት ስለ ቅጥነቱ ይሁን ከኪሱ ስለማይጠፋው ሽቦ አይታወቅም፤ እሱም ሁለቱንም አይክድም። ሁለቱን ያገናኛቸው ሟቹ ነበር፤ አሁንም የሚጨቃጨቁት እሱ ትቶት በሄደው ነገር ላይ ነው።

አባቷ መንገዱ ጥግ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ በካሴት የተሞላች የቪዲዮ ማከራያ ነበረችው። ሰው ግን የሚመጣው ለካሴቱ ብቻ አልነበረም። ማታ ሱቁን ሲዘጋ ጓዳ ገብቶ ማይክራፎኑን ይሰካና የውጭውን ፊልም በራሱ ድምፅ ይተረጉመው ነበር። ፖሊሱንም፣ ሌባውንም፣ የሌባውን እናትም እሱው ነበር የሚሆነው። ሴት ስታለቅስ እንኳ በዚያው ጎርናና ድምፁ ያለቅስላት ነበርና ሰፈሩ “መቶ ሰው” ብሎ ሰየመው።

የሱቁ ቤት ባለቤት ክፍሉን በዚህ ሳምንት ፈልጎታል። ታላቅ ወንድሟም ያልተነኩትን ካሴቶች ፋርማሲስቱ ነገ መጥቶ እንዲወስዳቸው፣ የቀሩትም እንዲጣሉ ተስማምቷል። የሚጣሉት በማዳበሪያ ጆንያ ታስረው የለቅሶ ቤቱ በር አጠገብ ቆመዋል። እሷም ስትጠየቅ “ይሁን” ብላ ነበር።

“ይሁን” ያለችው ግን ተስፋ ስለቆረጠች ነው። የአባቷ ድምፅ ጠፍቶባታል።

የስልክ ጥሪ ማዕከል ውስጥ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ የማታውቀው ሰው ጆሮዋ ውስጥ ይጮኻል፣ ይለማመጣል፣ ይራገማል። ከሳምንት በፊት የደወለ ደንበኛ እንደገና ሲደውል “ሄሎ” ከማለቱ ታውቀዋለች። የአባቷን ግን፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጆሮዋን በትራስ ደፍና ብትፈልገው አልመጣልሽ አላት። የጉሮሮው ሕመም በመጨረሻው ዓመት ድምፁን ወስዶ እስትንፋስ የመሰለ ፉጨት ብቻ ነበር የተወለት። አሁን “አባዬ” ስትል የሚመልስላት ያ ፉጨት ነው። የዚያ ሁሉ ዘመን ጎርናና ድምፅ የት ገባ? መቶ ሰው የነበረ ሰው እንዴት አንድም ሳይቀርለት ይሄዳል? ይህን ለማንም አልተናገረችም። አባቷን ሁለት ጊዜ የቀበረችው መሰላትና አፈረች።

ትናንት ለቀስተኛው ሲሳሳ ጆንያውን ፈትታ አባቷ ተኝቶበት ወደነበረው ክፍል ካሴት በካሴት ላይ እየጫነች ወስዳ ነበር። ማጫወቻው እዚያው ኮሞዲኖው ላይ ነው። አንዱን ከተተች፤ የውጭ አገር ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ። ሌላውን ከተተች፤ ያው። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ አያት።

“የእሱን ድምፅ ነው የምትፈልጊው?”

“አዎ።”

“እኔም ሞክሬያለሁ። የተረጎማቸውን ደንበኞቹ ወስደው አስቀርተውበት ይሆናል። እነዚህ ኦሪጅናሎቹ ናቸው መሰለኝ” አለና ትከሻዋን ነካ አደረጋት። “ተይው በቃ እህቴ። ራስሽን አታድክሚ።”

ተወችው። ከዚያ በኋላ ነው “ይሁን” ያለችው።

አሁን ሻዩን ስትቀዳ ፋርማሲስቱ ጭቅጭቁን ካቆመበት ቀጠለ።

“እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ካሴት የሚሰበሰብ ከሆነ ሠሪዎቹ እንደሠሩት መሆን አለበት። ምስሉ ጎንና ጎኑ ያልተቆረጠ፣ ድምፁ የራሱ። መቶ ሰው ነፍሱን ይማረውና እዚህ ላይ አጥፍቷል። ያንን ሁሉ የመጀመሪያ እትም ቀዳዳው ላይ ፕላስተር እየለጠፈ አቆሰለው። ቁስለኞቹን አልወስድም ያልኩት ለዚህ ነው።”

“ደጋግሞ የታየ ካሴት አይተህ ታውቃለህ?” አለ ጋሽ ሽቦ። “ሰው ወደኋላ እያጠነጠነ የሚያየው ቦታ ላይ ነጭ መስመር ያወጣል። እኔ ካሴት ስጠግን ፊልሙን ሳላየው የቱ ጋ እንደሚያስለቅስ አውቃለሁ። ያንተ ግን ከነላስቲኩ ምን ይነግረኛል? ፋብሪካ ጥሩ ላስቲክ እንዳለው ነው የሚነግረኝ።”

“ድምፁን አጥፍቶታል ነው የምልህ!”

“አላጠፋውም! ማን ነው ጠፋ ያለህ? ሁለቱም አለ።”

የልጅቷ እጅ ቴርሞሱን እንደያዘ ቀረ።

“ምኑ ነው ሁለቱም ያለው?”

ጋሽ ሽቦ ቀና ብሎ አያት። “ድምፁ ነዋ የኔ ልጅ። የፊልሙም የአባትሽም።”

“የአባዬ የለም ጋሽ ሽቦ። ሞክረናቸዋል እኮ። ሁሉም በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚያወሩት።”

“እንዲያ ከሆነማ እወስዳቸዋለሁ” አለ ፋርማሲስቱ፣ ከአፉ አምልጦት። ወዲያው ብርጭቆውን ወደ አፉ ወሰደ።

“በየትኛው ማጫወቻ ነው የሞከራችሁት?”

“ወንድሜ ባመጣው። መኝታ ቤት ባለው።”

ጋሽ ሽቦ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገው። “ወይ ጉድ” አለ። “ወይ ጉድ። አንድ ቁስለኛ አምጪልኝ እስቲ።”

ከጆንያው ስትመርጥ እጇ አንዱ ላይ ቆመ። ፕላስተሩ በላይ በላዩ ስለተለጠፈ ከሌሎቹ ወፈር ብሏል። ሽፋኑ ላይ ነጭ ኮት የለበሰ ሰው ሽጉጥ ይዟል። ይህን ሰው ታውቀዋለች።

ያኔ ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር። እናቷ የማታ ፈረቃ ስትገባ አባቷ ሱቅ ይዟት ይሄድና ከጠረጴዛው ሥር ያስቀምጣታል፤ ቀዩ የመቅጃ መብራት ሲበራ እንዳትተነፍስ አስጠንቅቆ። አንድ ማታ ነጭ ኮት የለበሰው ገዳይ አንዱን ምስኪን ግድግዳ አስደግፎ ሳለ ራባትና ተናገረች። አባቷም ገዳይነቱን ሳይለቅ መለሰላት። ካሴቱ ተከራየ፣ ሰፈሩ በሳቅ ሞተ፣ አንድ ኮስታራ ደንበኛ ግን “ፊልሙ ውስጥ ልጅ አለች፣ ገንዘቤን መልስ” ብሎ ሱቁ በር ላይ ጮኸ። አባቷ ካሴቱን ከመደርደሪያ አወረደው። “አጠፋዋለሁ፣ እንደገና እሠራዋለሁ” ብሎ ነበር። ጠፍቷል ብላ ነው ያደገችው።

ጋሽ ሽቦ ተከትሏት መኝታ ቤት ገባና ካሴቱን ማጫወቻው ውስጥ ከተተው። ነጭ ኮት የለበሰው ሰው መጣ፤ በማያውቁት ቋንቋ እያወራ።

“ስሚ” አለ ጋሽ ሽቦ። “ካሴት ሁለት የድምፅ መንገድ አለው። አንደኛው ከምስሉ ጋር ተጣብቆ ነው የሚቀዳው፤ ምስሉን ሳታጠፊ እሱን አትነኪውም። ሁለተኛው ጠርዙ ላይ ያለ ቀጭን መንገድ ነው። አባትሽ የሚቀዳው እዚያ ላይ ነበር። የሰፈሩ ርካሽ ማጫወቻ ሁሉ የሚያነበው ጠርዙን ብቻ ስለሆነ ሁሉም እሱን ሰማ። ወንድምሽ ያመጣው ግን ጥሩ ማጫወቻ ነው። ጥሩ ስለሆነ ጥራት ያለውን ይመርጣል።” ከፊት ለፊት ካሉት ትንንሾቹ ቁልፎች አንዷን በጥፍሩ አሳያት። “በዚች ካልነገርሽው በቀር።”

ቁልፏን ስታያት አንድ ቀን ትዝ አላት።

ወንድሟ ማጫወቻውን ከነካርቶኑ ተሸክሞ የመጣ ቀን ነበር። “አባዬ የራስህን ፊልም ተኝተህ እይ” ብሎ ከሱቁ ያመጣውን አንዱን ካሴት ከተተለት። ፊልሙ በውጭ ቋንቋ ማውራቱን እነሱ ልብ ሳይሉ፣ አባቷ ትንሽ አየና ፊቱ ተለወጠ። ከብርድ ልብሱ ውስጥ እጁን አውጥቶ ወደ ማጫወቻው ጠቆመ። “ጮኸብህ አባዬ?” አለችና ቀነሰችለት። አሁንም ጠቆመ። ጨርሳ አጠፋችው። ያኔ እጁን መለሰና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ደክሞት ነው ብላ ብርድ ልብሱን አለበሰችው። ቁልፏን ነበር ሲያሳያት የነበረው። እዚህ ውስጥ አለሁ ነበር ያላት። እሷም አጠፋችው።

“ይጫኗት” አለች።

ጋሽ ሽቦ ተጫናት።

“...ሦስት እስክቆጥር ትናገራለህ!” አለ አባቷ። “አንድ! ምነው ላበህ? ሙቀት ነው? ሁለት!”

ድምፁ ጎርናና፣ ሞላ ያለ፣ ጫፉ ላይ ሳቅ የያዘ ነበር። እንዴት ይህን ረሳሁት? ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ከሩቅ፣ ከጠረጴዛ ሥር፣ ቀጭን ድምፅ ገባ። “አባዬ፣ ራበኝ።”

ነጭ ኮት የለበሰው ሰው ዓይኑን ከምስኪኑ ላይ አልነቀለም። “ቆይ አንቺ ልጅ” አለ በዚያው በሚያስፈራ ድምፅ፤ “ይሄን ሰውዬ ልግደለውና እናበላሻለን።”

ሽጉጡ ጮኸ።

ሳሎን ውስጥ የነበረው ወሬ በአንዴ ተቆረጠ። ወንበር ተንኳኳ። እናቷ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ መጥታ የበሩን መቃን ያዘች፤ ወንድሟ ከኋላዋ፣ ፋርማሲስቱ ከእሱ ኋላ።

“ማነው?” አለች እናቷ። “ማነው እዚህ ቤት የሚያወራው?”

ቴሌቪዥኑ ውስጥ አባቷ አሁን የምስኪኑ ሚስት ሆኖ ያለቅሳል። እናቷ ለቅሶውን ሰማችና እዚያው መቃኑ ሥር ቁጢጥ አለች። በቀብሩ ቀን እንባ እምቢ ብሏት ሰው ጉድ ሲላት ነበር፤ አሁን አለቀሰች፣ በመሐሉም ሳቀች። “ሴት ማልቀስ ዕድሜ ልኩን አልቻለበትም” አለች። “መልሱልኝ። ያቺን የልጄን መልሱልኝ።”

ወንድሟ ተንደርድሮ ገባና ጣቱን ወደ ቁልፎቹ ሰደደ።

“ተው!” ጋሽ ሽቦ እጁን አፈፍ አደረገው። “ዝም ብለህ አትነካካ! ይሄ ፕላስተር ያለበት ካሴት ነው። ጣትህ ስቶ መቅጃውን ከተጫንክ ምስሉም እሱም ልጅቷም አብረው ነው የሚጠፉት።” ራሱ አቆመና ካሴቱን አወጣው። “ከፋብሪካ ሲወጣ እዚህ ጋ ቀዳዳ አለው፤ ማንም እንዳይቀዳበት። አባታችሁ የሚደፍነው እንዲቀዳበት ነው። ሲጨርስ ላጠው እለዋለሁ፣ አይሰማኝም። ‘ነገ የተሻለ ቃል ላገኝ እችላለሁ፣ ገና አልጨረስኩም’ ይላል። ሁሌም አልጨረስኩም ነው።”

“አጠፋዋለሁ ብሎኝ ነበር” አለች ልጅቷ። “ይሄን።”

“ይሄንንማ ስንቴ ፕላስተር እየደረበበት ሊያጠፋው ተቀመጠ። መቅጃው ላይ ጣቱን ያደርግና ይተወዋል።”

ወንድሟ ማጫወቻውን አየ፤ ከዚያ እህቱን። “እኔ ነኝ ያመጣሁት” አለ። “ጥሩውን ፈልጌ እኮ ነው።” እጁን ያዘችው። ስለ ተጠቆመው ቁልፍ ግን አልነገረችውም፤ ለዛሬ ለብቻዋ ልትሸከመው ወሰነች።

ፋርማሲስቱ ከበሩ አልፎ ለመግባት የፈራ መሰለ። “ያ ፕላስተር” አለ በመጨረሻ፤ “ከእኔ ነበር የሚገዛው። የቁስል ነው፣ ጥሩው። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚቆስለው እያልኩ ስገረም ነበር።” መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። “ልጅቷ ያለችበት... ሌላ ቅጂ አለው?”

“ከየት ይመጣል?” አለ ጋሽ ሽቦ።

“ስለዚህ አንድ ብቻ ነው። በዓለም ላይ።” እናቷ አጠገብ አጎንብሶ እንድትነሳ ክንዱን ሰጣት። “ጆንያዎቹን ከበር ላይ አንሷቸው። ዝናብ ሊመታቸው ይችላል።”

ወንድሟ ጆንያዎቹን ሊያስገባ ወጣ። ጋሽ ሽቦ ካሴቱን ለልጅቷ አቀበላት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የፕላስተሩ ጠርዝ በአባቷ አውራ ጣት ተዳምጦ ተዳምጦ ለስልሷል። ካልላጠችው አንድ ቀን አንድ ጣት ስቶ ያጠፋዋል። ከላጠችው ግን አባቷ የተሻለ ቃል ሊያገኝ የሚመለስበት ነገ የለም፤ ጨርሷል ማለት ነው።

“ይሄው እናበላሻለን” አለች እናቷ ከበሩ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። “ራት ማብላቱን እኮ ረስቶ ነው ወደ ቤት ያመጣት ያን ቀን።”

ልጅቷ ጥፍሯን ከጠርዙ ሥር አስገባችና ሳትቸኩል፣ ክር እንኳ እንዳይቀር እያለች ላጠችው። ትንሿ ቀዳዳ ተከፈተች። ፕላስተሩን ልትጥለው አሰበች፣ የሚጣልበትም ቅርጫት አጠገቧ ነበር። ከዚያ ምንም ያልቆሰለው የራሷ አውራ ጣት ላይ ጠቀለለችው፣ እንዲይዝላትም ጫን አድርጋ ያዘችው።