ባዶው ሜሞሪ

ጸደንያ የኤፍሬምን ምክር እንደ ሐኪም ትእዛዝ ነበር የምትይዘው። ኤፍሬም አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ፎቶ ማንሳት ለሚወዱ ሰዎች የቴሌግራም ቡድን ይመራል። ከደብረ ሲና ወደ ታች ወርዶ አያውቅም፤ ምክር ግን አያልቅበትም። አቧራ ላይ ሌንስ አትቀይሩ። ባትሪ ሁለት ያዙ፣ ትርፉን ፀሐይ አታስመቱት። የካሜራውን ስም በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑ፣ ሌባ ዋጋውን እንዳያውቅ። ይሄ ሁሉ ደህና ነው። ጉድ ያመጣው የመጨረሻው ነው፦ ፍተሻ ያለበት መንገድ ከሆነ ፎቶ ያለበትን ሜሞሪ አውጥታችሁ ደብቁ፣ ካሜራው ውስጥ ባዶ ሜሞሪ ክተቱ፣ አሳዩን ሲሏችሁ ባዶውን አሳዩ። ኪሳችሁ ውስጥ ግን አትደብቁት፣ መጀመሪያ የሚበረበረው እሱ ነው።

አያችሁ፣ ሰውየው ሁሉን አስቦበታል። ያላሰበው ያ ሜሞሪ ማን ዕቃ ውስጥ እንደሚገባ ብቻ ነው።

ጸደንያ የወልቂጤ ልጅ ናት። ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ከተመደበች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ደም ስትቀዳና ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራ ስትውል ትከርምና ቅዳሜ ሲመጣ ካሜራዋን አንግታ ውልቅ ነው። የዚያ ቅዳሜ ዋዜማም፣ በሚያዝያ፣ ቀወት ወረዳ ውስጥ ወንዝ ዳር ቀያይ ንብ በል ወፎች የገደሉን አፈር ፈልፍለው ጎጆ ሠርተዋል ሲሏት እንቅልፍ አጥታ ነው ያደረችው። በማግስቱ ጧት ሱፍዋን የሚባል ባለ ባጃጅ ወሰዳት። የዚያው ገጠር ተወላጅ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ። የጤና ጣቢያ ሰው ሁሉ ነርስ ይመስለዋልና «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራት፤ እሷም አርማው አታውቅም።

ወፎቹ አላሳፈሯትም። እንደ በርበሬ የቀሉ፣ በመቶ የሚቆጠሩ፣ ከገደሉ ቀዳዳ ውልብ እያሉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ከሥራቸው ከብት ውኃ ይጠጣል። ጸደንያ ረጅሙን ሌንሷን ገጥማ በሆዷ ተኝታ ሦስት ሰዓት ሙሉ አነሳች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

ደስታውን ያጠፋው የሱፍዋን ወሬ ነው። ሊመለሱ ሲሉ፣ ባጃጁን በቅጠል እየጠረገ፣ «ሲስተር፣ ሰሞኑን የዚህ አገር ሰው ተደናግጧል» አላት። «ባለፈው ወር አንድ እንግዳ መጥቶ ከብቱ ውኃ የሚወርድበትን በስልክ ሲያነሳ ዋለ። እየሳቀ፣ ከሰው ጋር እየተጫወተ። በሦስተኛው ቀን ዘራፊ መጥቶ አርባ ከብት ነዳ። አንድ ልጅም ገደሉ።»

«እና አሁን ነው የምትነግረኝ?» አለች ጸደንያ።

«ከሰው ተደብቀን አልመጣንም። ካስቆሙን ያነሳሽውን አሳዪያቸው። ወፍ ነው፣ አይተው ይስቃሉ። ካሳየሻቸው ምንም የለም።» ይህን ብሎ ዙህር፣ የቀትሩን ሰላት፣ ሊሰግድ ወደ ግራሩ ጥላ ሄደ።

ከኤፍሬም ምክር ሁሉ ይቺ የሱፍዋን ምክር ትበልጥ ነበር። ግን ፍርሃት የያዘው ሰው መች ይሰማል? የጸደንያ ሜሞሪ ላይ የሁለት ወር ፎቶ አለ፤ ከወፎቹ ጋር ደግሞ ከብቱም፣ ውኃውም፣ መውረጃውም አሉበት። ያጠፉብኛል ብላ ፈራች፣ ከዚያም የባሰውን ፈራች። ሜሞሪውን አወጣች፣ ባዶውን ከተተች። ዞር ዞር ብላ አየች። ከመሪው ሥር ሱፍዋን የባጃጁን ሊብሬ የሚያስቀምጥባት የላስቲክ መያዣ አለች። የባጃጅ ሊብሬ ማን ይበረብራል ብላ ከወረቀቱ መሀል ሸጎጠችው። ሱፍዋን ግንባሩ መሬት ላይ ነበር፤ አላየም። ከተማ ስንደርስ አወጣዋለሁ አለች፣ አልነገረችውም።

ሩብ ሰዓት ሳይነዱ፣ መንገዱ ላይ ግንድ ተጋድሟል። ከማሽላው አገዳ ክምር ጀርባ አምስት ሰዎች ወጡ፤ ሁለቱ ጠመንጃ ይዘዋል። የፊተኛው ሱፍዋንን ከልጅነቱ የሚያውቁት ጋሽ አብዱልሃዲ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታውን ግን አላስረዘሙትም።

«ይቺ ልጅ ወንዝ ዳር ተኝታ ስታነሳ ውላለች። አይተናታል። ያነሳችውን ታሳየን።»

ጸደንያ ካሜራውን ከፈተች። መስኮቱ ላይ ምንም የለም። ጠመንጃ ከያዙት አንዱ፣ ሁሴን የሚሉት ወጠምሻ፣ አንገቱን አስግጎ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ባዶ ነው። ከጧት ጀምሮ ስታነሳ ውላ ባዶ!»

«አልተነሳልኝም አባቴ፣ ተበላሽቶብኝ...» አለች።

ያኔ ሱፍዋን ገባበት። ምስኪን፣ እውነት መስሎት። «ጋሽ አብዱልሃዲ፣ የጤና ጣቢያ ሰው ናት። የደበቅነው ነገር የለም፣ ወላሂ የለም።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። በዚያ አገር አንድ ሰው ወላሂ ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ በመሐላ የዋሸ ግን ምስክር አይሆንም፣ ልጅ አይዳርለትም፣ ከሰው አይቆጠርም። «ምለሃል» አሉት። «ደህና። የባጃጅህን ወረቀት አሳየኝና እለፍ።»

ሱፍዋን መያዣዋን መዘዘ፣ ሊብሬውን አወጣ፣ ትንሿ ጥቁር ሜሞሪም ተንሸራታ በሽማግሌው እግር ሥር አቧራው ላይ ወደቀች።

ሱፍዋን ሜሞሪዋን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ጸደንያን አየ። ከዚያ ሁሴን አንገቱን ጨምድዶ ከባጃጁ ጎትቶ አወረደው።

ጸደንያ አፏን ከፈተች። እኔ ነኝ ማለት ምን ያህል ቃል ነው? ሁለት። ሁለቱም አልወጡም። የተገደለው ልጅ የሁሴን ወንድም መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማችው፤ ሁሴን ራሱ ነው የተናገረው፣ የሱፍዋንን እጅ ወደ ኋላ በገመድ እያሰረ። «እንግዳውስ እንግዳ ነው። የኛው ልጅ መንገድ እየመራ፣ በአላህ ስም እየዋሸ!»

በዚህ መሀል ውኃ ቀድታ የምትመለስ ዓሊያ የምትባል ሴት ጀሪካኗን አውርዳ ቆመች። ጸደንያን አየቻትና፣ «እቺን አውቃታለሁ። ልጄ ወባ ይዟት ልትሞትብኝ ስትል ደም የመረመረችልኝ እሷ ናት። መድኃኒቱ እስኪሰጠን ድረስ ምሳዋን ሳትበላ ነው የጠበቀችን» አለች።

ጋሽ አብዱልሃዲ ትንሽ አሰቡ። «ሴት ልጅ አናስርም። ልጄ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ሂጂ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ አስፋልት ያወጣሻል። እሱ ግን ከኛ ጋር ይቀራል።»

እንግዲህ ሰው አትፍረዱባት ልላችሁ ነበር፣ ግን ፍረዱባት፤ ሄደች። ቦርሳዋን አንግታ ግንዱን ተሻግራ ሄደች። አንድ ነገር ብቻ እያሰበች፦ እንዳይጠሩኝ። ከተማ ደርሼ ሰው እልካለሁ አለች ለራሷ። ለማን እንደምትነግር ግን አታውቅም ነበር። ሃያ እርምጃ ሄደች። ሠላሳ።

ከኋላዋ የሁሴን ድምፅ መጣ። «ማን ነው የሰጠህ? እሷ ናት?»

የሱፍዋንም ድምፅ መጣ፣ ከለቅሶ ጋር። «ማን እንዳስገባው አላውቅም። እሷ ግን እንዲህ አታደርግም። ወላሂ እሷ አታደርግም።»

ጸደንያ ቆመች። መሄድ ፈለገች፣ እግሯ እንቢ አለ። ዞራ ስትመለስ ከመሄዷ ይልቅ መመለሷ አስፈራት፤ የጠመንጃው አፍ ወደ እሷ ሲዞር እያየች ነው የተመለሰችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «እሱ ሲሰግድ ከሊብሬው ጋር የከተትኩት እኔ ነኝ። አያውቅም። ያጠፉብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። እሱ አሳዪያቸው ነበር ያለኝ።»

ሁሴን አንድ እርምጃ ተራመደ። ሽማግሌው በክንዳቸው ከለከሉት፣ ሜሞሪዋንም አንስተው በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ሰጧት። «አሳዪን።»

ካሜራው ውስጥ ልትከተው ስትል ሦስት ጊዜ ጣለችው። ከዚያ ስድስት ራስ አንዲት ትንሽ መስኮት ላይ ተደፋ። ወፍ። ወፍ። ገደል። ወፍ። ከዚያ ከብት፣ ውኃ ውስጥ፣ የጆሮ ምልክቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ። የሁሴን ትንፋሽ ጆሮዋ ሥር ሲቆም ተሰማት፤ አሁን አለቀልኝ አለች። ግን ከብቱ ራስ ላይ ደግሞ ወፍ ነበር፣ ከዚያ በኋላም ሦስት መቶ ወፍ።

ጋሽ አብዱልሃዲ ቀና አሉ። «ፍቱት። ሂጂ ከተባለ በኋላ ለመታሰር የሚመለስ ሰላይ አላየሁም።» ሜሞሪዋን ተቀብለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ፣ በሌላ ድንጋይ አደቀቋት። «አንተም ልጄ፣ መሐላህ መሐላ ነው» አሉት ሱፍዋንን። ሁሴን ገመዱን ፈታ።

እስከ አስፋልቱ ድረስ ነዱ። እዚያ ሲደርሱ ሱፍዋን ባጃጁን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። ዞሮ አላያትም።

«ሲስተር፣ ሂጂ ሲሉሽ የሄድሽው እኔን አስረው እንደሚያስቀሩኝ እያወቅሽ ነው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ለዛሬ ግን በቃት።

«እያወቅኩ ነው» አለች። «ፈርቼ ነው ሱፍዋን።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለ፣ ገመዱ ያሰመረበትን የእጁን አንጓ እያሻሸ። «ፈርቼም ግን ስላንቺ ማልኩ።»

ጸደንያ ቦርሳዋን አንስታ ወረደች፣ የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች።