ሮሃ የምትሰማው

ዝናቡ የጀመረው ውድነሽ ድስቱ ላይ ሥጋ እየጨመረች ሳለ ነው። ማማሰያውን አስቀምጣ ሽርጧን መፍታት ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት ሔሊና።

«ቤት። ሮሃ ብቻዋን ናት።»

«በምሳ ሰዓት? ሰው እየገባ ነው እኮ፣ ውድዬ።»

«ዝናብ ሲሆን አትችልም፣ ሔሉ። ታውቂያለሽ።»

ሔሊና ክፉ ሴት አልነበረችም። ባለፈው ሳምንትም፣ ከዚያ በፊትም እንዲሁ ሥራውን ጥላ ስትሄድ ችላታለች። ዛሬ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከሄድሽ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው፤ እኔም ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» አለቻት። ውድነሽ ሰምታታለች። ሽርጡን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

በዚህ በሰው አገር ቦዳ የሚሏቸው የሞተር ታክሲ ነጂዎች ሞተራቸውን አቁመው በረንዳ ስር ተጠልለዋል። አንዱን ለምና ከኋላው ተቀመጠች። ምግብ ቤቱ ካለበት ካባላጋላ ሰፈር እስከ ቤቷ ሙቱንጎ ዝናቡ ፊቷን ሲገርፋት፣ ጠዋት ከውጭ የቆለፈችውን በር ብቻ ነበር የምታስበው። ያልሞከረችው አልነበረም። አንዷ ሞግዚት ግማሽ ቀን ሠርታ ቀርታለች። ማኪንድዬ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ሌሎቹን ልጆች ታስፈራለች ብሎ መልሷታል። ሜንጎ ያለ ሐኪም ደግሞ «ኦቲዝም ነው» ብሏቸው ነበር። እሷና ባሏ ቃሉን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ ቃሉ ምንም አላደረገላቸውም።

ስትደርስ የበሩ ማጠፊያ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ጎረቤቷ ጀሊላ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሮሃን ከኋላ ጥፍንግ አድርጋ ይዛታለች። የሰባት ዓመቷ ልጅ ግንባሯ ደምቷል፤ ትጮሃለች።

«ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር ስታጋጭ ሰማን» አለች ጀሊላ። «ምን ላድርግ፣ በሩን ሰበርነው። ስይዛት ደግሞ ባሰባት።»

ውድነሽ ልጇን ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ሮሃ ወደ ኋላ ተለጠጠች፤ አቅለሸለሻት፤ የእናቷን ትከሻ ነከሰች። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር። አንድ ቀን ውድነሽ ለባሏ፣ «ይህች ልጅ ጠልታኛለች» ብላው ታውቃለች።

የቤቱ ባለቤት ጃንጥላ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። «ኛቦ፣ እመቤት፣ ሕፃን ልጅ ይቆለፍባታል?» አለ፤ አላንጓጠጣትም። «ፖሊስ እንጥራ ያሉትን የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። ወሩ ሲያልቅ ግን ቤቱን ልቀቁልኝ።»

በዚህች ልጅ ጩኸት ሲለቁ ሦስተኛ ቤታቸው ነው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሮሃ ከእጇ ሾልካ አልጋ ስር ገባች፤ ብርድ ልብሱን ጎትታ ተጠቅልላ ግድግዳው ጥግ ተጣበቀች። ውድነሽ ልታወጣት ሲሚንቶው ላይ በሆዷ ተኛች። ክንዷን ዘረጋች፤ ጉልበት ግን አጣች። ጉንጯን ወለሉ ላይ አድርጋ እንደዚያው ቀረች።

የምታደርገው ስላልነበራት አዳመጠች። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ አንድ ድምፅ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ጠብታ ለብቻው ይመታ ነበር። ከዝናቡ ስር የጀሊላ ቴሌቪዥን አለ፤ ከኮረብታው ግርጌ የጸሎት ቤቱ ድምፅ ማጉያ አለ፤ የቦዳ ጡሩምባ፣ የድስት ክዳን፣ እስከዛሬ ሰምታው የማታውቀው የአምፖሉ እዝዝታ አለ። ለዚህ ሁሉ ዕድሜዋን በሙሉ ሳታውቀው ጆሮዋን ስትዘጋ ኖራለች። መዝጋት የማይችል ሰውስ? ሳትዘጋ ለመቆየት ሞከረች። ብዙም ሳትቆይ ጥርሷ ተገጣጠመ፤ እሷም መጮህ አማራት።

ከዚያ የራሷ እጅ ሸተታት። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ያረረ ዘይት፣ የሞተር ቤንዚን። ከሥራ በገባች ቁጥር ልጇ ፊት ላይ የምትለጥፈው ይህንን ነበር፤ ማባበሏ ነበር።

ተነስታ አምፖሉን አጠፋች። ቧንቧው ጋ ሄዳ እስከ ክርኗ ድረስ በሳሙና ታጠበች፤ ልብሷን ለወጠች። ተመልሳ ከአልጋው ፈንጠር ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እጇን አልዘረጋችም። ሳይዙ መቅረት ያልለመዱት እጆቿ ከበዷት፤ ጭኖቿ ስር ቀበረቻቸው። ሮሃ ዝም አላለችም፤ ጩኸቷ ግን ቀስ በቀስ ወደ ማቃሰት ወረደ።

ባሏ ሚልኪያስ የገባው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ከሚሠራበት የመኪና ዕቃ መሸጫ የጠራችው ጀሊላ ነበረች። የተገነጠለውን ማጠፊያ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ዱካ ላይ ተቀመጠ።

«ለእማማ ደወልኩላቸው» አለ፤ እናቱን ማለቱ ነው። «እሑድ አገር ቤት፣ አዲስ አበባ፣ እሳቸው ጋ ይዣት እሄዳለሁ። ጸበልም ይሞከርላታል። ግቢው ሰፊ ነው፤ ቤቱም ሰው አያጣም። በር የሚቆልፍባት የለም።»

«የእማማም ቤት ቆርቆሮ ነው።»

«የሁሉም ቤት ቆርቆሮ ነው፣ ውድነሽ።»

«ሚልኪ፣ ዛሬ ገባኝ። እኛ የማንሰማውን ሁሉ ነው የምትሰማው። ስናቅፋት ያማታል። እኔን ጠልታ አይደለም።»

ሚልኪያስ ዓይኑን አሸ። «እሺ፣ ገባሽ። ነገ ጠዋት አብሯት የሚውለው ማነው? ወሩ ሲያልቅስ የት ነን?»

ውድነሽ የሔሊናን ንግግር አሰበች፤ የቤቱን ባለቤት አሰበች፤ ሥራ ፈትታ ልጇን ብትጠብቅ አዲስ ቤት በምን ይከራያሉ? ሚልኪያስ ቢሰድባት ወይም ቢቆጣት ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን አልጋው ስር እያየ እንባውን ይጠርጋል። ነገሩ ገብቷታል፤ የገባት ነገር ግን ቤት አይከራይም፣ ልጅ አይጠብቅም።

ስልኩ ጠራ። እናቱ ነበሩ።

«የኔ እናት፣ ሮሃዬ» አሉ፣ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው፤ ሮሃ አልጋው ስር ማቃሰቷን ጨመረች። «አምጣልኝ ብቻ። ቀንም ሌሊትም ከዕቅፌ አላወርዳትም።»

ውድነሽ ስልኩን ከባሏ እጅ ወሰደች፤ ድምፁን ቀንሳ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ። እሑድ ትመጣለች።»

ሚልኪያስ ቀና ብሎ አያት።

«ተመስገን፤ ተመስገን ልጄ።»

«አንድ ነገር ልለምንዎት። ስትመጣ አያቅፏት።»

«ምን አልሽ?»

«አያቅፏት፣ እማማ። ራቅ ብለው ይቀመጡ። ዝናብ ሲሆን አልጋ ስር ትገባለች፤ ጎትተው አያውጧት። ሰውም እንዳይሰበሰብባት።»

«የልጅ ልጄን ሳላቅፍ እንዴት አድርጌ ነው የማሳድጋት?»

ውድነሽ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ወደ ወጣችው ትንሽ እግር ተመለከተች።

«አላውቅም» አለች። «እኔም የጀመርኩት ዛሬ ነው።»