ዘጠና ቀን ያልተከፈተ ገጽ

ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል፤ የታመመ ኮምፒውተር ስለሚያድን ነው። እሱም ስሙን አልጠላውም። ጠባብ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ የስልሳ ደንበኞችን ድረ ገጾች የተሸከመ ሰርቨር ያስተዳድራል። ቀኑን ሙሉ ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ፊት አይነሳም፤ ቅጥያ የሚባሉትን ትንንሽ አጋዥ ፕሮግራሞች ይጭናል፣ የተበላሸ ይጠግናል፣ አዲስ ማስተካከያ ሲወጣ ያስገባል። ደንበኛ ሲደውል ደግሞ ገና ስልኩን ሳያነሳ መልሱ አፉ ላይ ነው፦ «ምን ነክተው ነው?»

ጡረተኛው ቀያሽ የመጡ ዕለትም እንዲሁ ሆነ። ቀያሹ የአባቱ ጓደኛ ናቸው፤ በልጅነቱ ኮምፒውተር ያስነኩት እሳቸው ነበሩ። በሥራ ዘመናቸው እየዞሩ የመዘገቧቸውን የውሃ ምንጮች ከደብተር እሱ ሰርቨር ላይ ወዳለ ድረ ገጽ ለመገልበጥ አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ በሁለት ጣት። ሐኪሙም ባገኛቸው ቁጥር «እያነበብኩት ነው ጋሼ» ይላቸዋል። ታዲያ የዓይን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ከሦስት ወር በላይ ከኮምፒውተር ርቀው ከረሙ፤ የዓይን ሐኪማቸው ሲፈቅድላቸው ገጹን ቢከፍቱት ባዶ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ስድስት መቶ ምንጭ የት ይገባል?» አሉ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሻሹ።

ቢሮው ውስጥ ሁለት አዳዲስ ደንበኞች ነበሩ። ሐኪሙ ቀና እንኳ ሳይል «ጋሼ፣ ሳያውቁት አጥፍተውት ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል» አላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ደንበኞቹ ሲሄዱ የሰርቨሩን መዝገብ ከፈተና ክው አለ። ባለፈው ወር ዲስኩ ሞልቶ ሲያስቸግረው አንድ የጽዳት ቅጥያ ጭኖ ነበር፤ ዘጠና ቀን ማንም ያልከፈተውን ገጽ እየጠረገ ቦታ የሚያስለቅቅ። ቅጥያው ከመጥረጉ በፊት ይጠይቃል፤ እሱ ግን ጥያቄው ሲያሰለቸው «ሳትጠይቅ ቀጥል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጓል። መጠባበቂያ ቅጂውንም ቦታ ልቆጥብ ብሎ የሰባት ቀን ብቻ እንዲይዝ አዞታል። ገጹ ከተጠረገ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄኔ ነው።

ያኔውኑ መደወል ነበረበት። ስልኩን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ፤ ነገም ከነገ ወዲያን ወለደ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ውሸት ግን እያደር ከበደው።

በሦስተኛው ሳምንት የቀያሹ ሚስት ደወሉ። «ልጄ፣ ላስቸግርህ ነው፤ ኮምፒውተሩን የሚገዛ ሰው ታውቃለህ? ጋሼህ ሁለተኛ አልነካም ብለዋል። የቤቱን ቁልፍ ሳይቀር እኔ ጋ አስቀመጡት። ጭንቅላቴ ከድቶኛል፣ አንድ ቀን በሩን ከፍቼው እሄዳለሁ አሉ። ብቻቸውን ደጅ መውጣት ከተዉ ቆዩ።»

ሐኪሙ ስልኩን ዘጋ። አፈረ፤ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ፊቱን በእጁ እስኪሸፍን ድረስ አፈረ። ከሰዓት በኋላ ቢሮውን ዘግቶ እቤታቸው ሄደ።

ሚስትየው ሻይ አቀረቡለት። ቀያሹም ገና ሻዩን ሳይቀምስ «ያን ቀን በሰው ፊት አሳፈርኩህ፤ ይቅር በለኝ» አሉት። ይሄኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም ያጠፉት። እኔ ነኝ። የዚያኑ ዕለት አውቄያለሁ፤ አውቄም ዝም አልኩ።» ስለ ቅጥያው፣ ስለ ዘጠና ቀኑ፣ ስለ መጠባበቂያው አንድ በአንድ ተናገረ።

ሽማግሌው ብድግ አሉ። «እንግዲያው እኔ አልታመምኩም? አልዘነጋሁም?»

«ኧረ ጋሼ፣ ደህና ነዎት።»

«ሰማሽ? ደህና ነኝ! በይ ቁልፌን አምጪልኝ!» እያሉ ሳቁ፤ እንባቸውም ወረደ። ሚስትየው ከሽርጣቸው ኪስ ቁልፉን አውጥተው በባላቸው መዳፍ ላይ አኖሩ። ወደ ሐኪሙ ግን ዞር ብለው አላዩም።

«ደብተሮቹ አሉኝ» አሉ ቀያሹ። «ነገ ከአንደኛው ምንጭ እጀምራለሁ።» ሐኪሙ ትንሽ ቀለል አለው፤ ብርጭቆውንም አነሳ። የቀያሽ ነገር ሆኖ ግን ሽማግሌው ያልለኩት ነገር አይዋጥላቸውም፤ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር።

«ቆይ» አሉ ቀስ ብለው። «ዘጠና ቀን ማንም ያልከፈተው ነው ያልከኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔስ ዓይኔን ታምሜ ነው። አንተ ግን ታነበው አልነበር እንዴ? ሐኪም ቤት ልትጠይቀኝ የመጣህ ጊዜ እንኳ፣ ትናንት ማታ ሳነበው ነበር ብለኸኛል።»

አንድ ጊዜ፣ አንዲት ቀን ከፍቶት ቢሆን ኖሮ ገጹ አይጠረግም ነበር። ሐኪሙ ያን ቀን ሽማግሌው እንዳደረጉት አንገቱን ደፋ።

ቀያሹ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና «ሻይህን ጠጣ ልጄ፣ ቀዘቀዘ» አሉት።