ጀሶው ላይ የጻፍኩት ስም

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስምንተኛ ክፍል ሳለን ለተዛነፈው ጥርሴ «መጋዝ» ብላ ስም ያወጣችልኝ ሴት ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ በገዛ እግሯ ጥርስ ክሊኒኬ መጥታ ወንበሬ ላይ ተጋደመች። አፌን ስለሸፈንኩ አላወቀችኝም። ጥርሴን ብታየውም አታውቀውም፤ በሠላሳ ዓመቴ ብረት አሳስሬ አቃንቼዋለሁ።

«ለእኔ የማይታየውን ዓይነት የጥርስ ማቃኛ ይሥሩልኝ፣ ዶክተር» አለች።

«ውጭ ያለችው ልጅዎስ?» አልኳት። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የላይኛው ጥርሷ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል።

«ውይ፣ እሷ ትቆይ! አሁን እሷን ማን ያያታል?»

«እርስዎ መቼም ቢሆን ማሠራት ይችላሉ። የእሷ አጥንት ግን ገና እያደገ ነው፤ ጊዜዋ አሁን ነው።»

«ከእኔ በኋላ» አለች። ደሜ ፈላ።

የጥርሷን ልክ ወስጄ በጀሶ አወጣሁት። በእኛ ክሊኒክ የታካሚው ስም ጀሶው ሥር በእርሳስ ይጻፋል፤ በቀጠሮው ቀን ረዳቴ እሱን እያነበበች ትጣራለች። ረዳቴ ደግሞ አትጠይቅም፤ «ወንበር» ብዬ ብጽፍላት «ወንበር!» ብላ ትጣራለች። እኔም «መጋዝ» ብዬ ጻፍኩ። ሰው በተሰበሰበበት ትስማው፣ እሷም ትቅመሰው አልኩ። ሳምንቱ አላልቅ አለኝ።

ቀኑ ደረሰ። የሕክምና ክፍሌን በር ገርበብ አድርጌ ጆሮዬን ወደ መጠበቂያው ጣልኩ።

«መጋዝ!»

እናትየው ከስልኳ ቀና እንኳ አላለችም። አጠገቧ ያለችው ልጅ ግን አፏን በመዳፏ ሸፍና ተነሳች። «አቤት፣ እኔ ነኝ።»

«ጉድ! ቤት የምንጠራሽ ስም እዚህም ታወቀ?» ብላ እናትየው ሳቀች። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ክው አልኩ። ለእናቷ የወረወርኩት ድንጋይ ልጅቷን መታ። ንዴቴ ግን በረደ እንዳትሉ፤ እጥፍ ሆነ እንጂ። በሩን በርግጄ ወጣሁ።

«ዶክተር፣ ስሜን ማን ነገረዎት?» አለችኝ ልጅቷ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

መሸፈኛዬን አወለቅኩ። «ያንቺ ስም አይደለም፣ የኔ ነው። በልጅነታችን እናትሽ ናት ያወጣችልኝ። ዛሬ ያስጠራሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ የኔ ልጅ።»

እናትየው ፊቷ አመድ መሰለ። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

«አለሁልሽ! አሁን ስሚኝ። ወረፋው የልጅሽ ነው። ያንቺ የሷ ሲያልቅ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ። እስከዚያ በየወሩ ይዘሻት ትመጫለሽ፣ እዚችው ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያታለሽ። ካልተመቸሽ ሌላ ሐኪም ሞልቷል፤ እነዚህ ሁሉ ግን የሰሙትን ሰምተዋል።»

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «አንቺስ፣ ጥርስሽ እንዲታሰር ትፈልጊያለሽ?»

እጇን ከአፏ ላይ አነሳች። «አዎ!»

እናትየው ሰዉን አንድ በአንድ አየች። የሚያግዛት አላገኘችም።

«እሺ» አለች፣ አፏን በመዳፏ ሸፍና።