ጭቃው ላይ የተደረገው ስብሰባ

አባ ሣህሉ ደጋግመው ወደ ጣና ቀና ይላሉ። ዳመናው ጠቁሯል። የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቢከደንም ግድግዳው ገና እንጨት ብቻ ነው። ደጅ የሰነበተው ጭቃ ዛሬ ተረግጦ ካልተመረገ ዝናቡ ጠርጎ ሐይቅ ሊከተው ነው። የዘንዘልማ ሰው ደግሞ በሙሉ ለገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ተጠርቷል።

ሊቀመንበሩን ክንዱን በሕፃንነቱ ያጠመቁት እሳቸው ናቸውና ሄደው ለመኑት።

«አባ፣ ስብሰባውን ከተውሁት ወረዳው እኔን አይምረኝም» አላቸው።

«ማን ተወው አለህ? አንተ የምትፈልገው ጆሯቸውን ነው፤ እግራቸውን ለኔ ስጠኝ።»

ክንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ንግግሩን ያነብ ጀመር። ሰዉም ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ቆሞ ያዳምጣል። «ኢምፔሪያሊዝም!» ሲል «ይውደም!» እያለ ይረግጣል።

«አንተ ክንዱ፣ መፈክር ጨምርልን እንጂ! ጭቃው ገና አልላመም!» አለች አገርነሽ ጭድ እየነሰነሰች።

ክንዱ ንግግሩን ደገመው። ሲጨርስ ጫማውን አውልቆ ገባ።

ዝናቡ ሲወርድ ግድግዳው ተመርጎ ሁሉም ጣሪያው ሥር ተጠልሏል። አባ ሣህሉ እርጥቡን ግድግዳ ዳበስ አደረጉና ወደ ክንዱ ዞሩ።

«የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ ነው፣ ልጄ? የቤተ ልሔሙ ግድግዳ ይቀረናል።»