የመንትያ ብርሃናት ምስክርነት

ጥበብ እንደ ጕልትና እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የምትወረስ ብትሆን ኖሮ፣ መምህር በደቀ መዝሙሩ ልዕልና ባልቀና ነበር፤ ነገር ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ጥበብ ለወደደችው ደጇን የምትከፍት ነጻና ልዕልት እመቤት ናትና፣ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዘግይቶ የመጣው ሲገባ ባየ ጊዜ ልቡ በእሳተ ቅንዓት ይነዳል።

ፕሮፌሰር እንግዳወርቅ በመናገሻይቱ ከተማ ፊዚክስን ያስተምሩ የነበሩ፣ በምርምራቸው የተከበሩና በአንደበታቸው የተፈሩ ሊቅ ነበሩ። ዐሥራ ስምንት ዓመት የደከሙበት ድርሳን፣ ከአንድ ምንጭ የሚወለዱ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች ተራርቀው ሲመረመሩ መልሳቸው የሚስማማው ከልደታቸው ጀምሮ ስውር መመሪያ ይዘው ስለሚወጡ ነው፣ በአንዱ ስፍራ የሚደረገውም በሩቅ ያለውን አይነካም የሚል ነበር። ይህ እውነት ከሆነ የስምምነታቸው ልክ በስሌት ከሁለት ሊበልጥ አይችልም። የቀድሞ ተማሪያቸው ዶክተር ስኂን ግን እርሳቸው በሚያስተምሩበት ሕንጻ ምድር ቤት መሣሪያዋን ተክላ ብትመረምር ሁለት ነጥብ ስድስት አገኘች፤ ማንም ሳይሰማም ሰንጠረዡን ወደ መምህሯ አምጥታ እንዲያዩላት ለመነች።

ቍጥሩን ባነበቡ ጊዜ ፕሮፌሰሩ ያቺን ፊደል ያስቆጠሯትን ልጅ እንደ ባላንጣ ተመለከቷት፤ በወጣትነቷ ቀኑ፣ በእርጋታዋ ቀኑ፣ ይልቁንም እርሳቸው በብራና ብቻ የጠየቁትን እርሷ በእጇ በመጠየቋ ቀኑ። ወዲያውም አንድ ጉድለት አገኙ፤ በሁለቱ ጫፍ ቅንጣቶቹን የሚቀበሉት መመርመሪያዎች አቅጣጫ የተወሰነው ቅንጣቶቹ ከመነሣታቸው አስቀድሞ ነበርና፣ የአንዱ ጫፍ ወሬ ወደ ሌላው ለመድረስ ጊዜ ነበረው፤ ስምምነቱም ከዚያ ሊመጣ ይችል ነበር። ቢነግሯት ባረመችው ነበር፤ እርሳቸው ግን መልካም ነው ብለው አሰናበቷት፤ በመምህራን ጉባኤ ፊት ውጤቷን ባነበበች ዕለትም ተነሥተው ጉድለቱን በተዋበ ቃል ገለጡት። ጉባኤው አጕረመረመ። ስኂን ስሕተቷን አምና ቀና ብላ ጠየቀቻቸው።

«ፕሮፌሰር፣ ሰንጠረዡን በሰጠሁዎ ጊዜ ይህን አይተውት ነበር?»

ሊክዱ ይችሉ ነበር። «አይቼዋለሁ» አሉ።

ያን ዕለት ያሸነፉት እርሳቸው ሆነው ሳለ፣ ከአዳራሹ ሲወጡ አጠገባቸው የሄደ ሰው አልነበረም። ስኂንም ሰባት ወር ደክማ፣ ቅንጣቶቹን ብርሃን በሚመራ ቀጭን የብርጭቆ ክር ወደ ግቢው ሁለት ዳርቻ እየሰደደች፣ መመርመሪያዎቹ አቅጣጫቸውን በዕጣ የሚለውጡት ቅንጣቶቹ መንገድ ከጀመሩ በኋላ እንዲሆን አደረገች፤ ወሬ በብርሃን ፍጥነት ቢበር እንኳ የማይቀድምበት ሥርዐት ነበር። ቍጥሩ ግን ከሁለት ወደ ታች አልወረደም። ይህን የሰሙት ፕሮፌሰር አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ምድር ቤቱ ወርደው በደጁ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይቅርታ ለመለመን ገና አቅም አላገኘሁም» አሏት። «ብትፈቅጂልኝ ግን እኔ ራሴ ልቍጠር።»

ስኂን ከወንበሯ ተነሥታ ስፍራውን ለቀቀችላቸው። ሦስት ቀን ቈጠሩ፤ በየሰዓቱ ቍጥሩ እንዲወድቅ በስውር ይመኙ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሁለት ነጥብ ስድስት ብለው በገዛ እጃቸው ጻፉና ከሥሩ ስማቸውን አኖሩ። ቅንዓታቸው በዚያች ሰዓት እንኳ አልሞተም ነበር፤ ቍጥሩን ግን አልለወጡም፤ የጠላውን እውነት በገዛ እጁ ያልቈጠረ ሰው፣ የወደደውን ሐሰት ሳይቀብር ይቀበራልና።